ከአዳራሹ የሚወጣው ሰው፦ ዘፈን፣ ሣቅና ግድያ በኩዌንቲን ታራንቲኖ ፊልሞች



የዛሬው ንግግሬ ስለ አሜሪካዊው የፊልም ዳይሬክተር ስለ ኩዌንቲን ታራንቲኖ ነው። ስሙ ሲነሣ ክርክሩ ቶሎ በሁለት ጎራ ይከፈላል። አንዱ ወገን «ግድያን መዝናኛ አደረገው» ብሎ ይከሰዋል፤ ሌላው ወገን «ፊልም ፊልም ነው፤ ደሙም ቀለም ነው» ብሎ ይሟገትለታል። ሁለቱንም ሙግቶች በክፍል ውስጥም ከክፍል ውጭም ደጋግሜ ሰምቻለሁ፤ ሁለቱም አንድ ነገር የዘለሉ ይመስለኛል። በዚህ ሰው የኋለኛ ዘመን ፊልሞች ውስጥ፣ ትርኢቱ በደመቀበት ሰዓት መታገሥ አቅቶት ከአዳራሹ የሚወጣ ወይም ሙዚቃው እንዲቆም የሚጮኽ ሰው አለ። ይህን ሰው እዚያ ያስቀመጠው ራሱ ዳይሬክተሩ ነው። ለምን አስቀመጠው? ካስቀመጠውስ በኋላ ምን አደረገው? ዛሬ የምከተለው ይህን ሰው ነው።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል። «ፖፕ ባህል» ስል የሬዲዮ ዘፈኑን፣ የቴሌቪዥን ተከታታዩን፣ የሃምበርገሩን ዓይነት፣ የርካሽ መጽሔቱን ወንጀል ታሪክ፣ የካራቴ ፊልሙን ማለቴ ነው፤ ማንም ሳይማረው የሚያውቀውን፣ ስለሚያውቀውም የማይኮራበትን ነገር። ታራንቲኖ በ1963 በቴነሲ ግዛት ኖክስቪል ከተማ ተወልዶ በሎስ አንጀለስ አካባቢ አደገ። የፊልም ትምህርት ቤት አልገባም፤ ማንሃተን ቢች በሚባል ስፍራ «ቪዲዮ አርካይቭስ» በተባለ የቪዲዮ ኪራይ ቤት ተቀጥሮ ሠራ። በአገራችን በቪዲዮ ኪራይ ቤቶች ዘመን ያደገ ሰው ይህ ምን ዓይነት ትምህርት ቤት እንደ ሆነ ሳይነገረው ይገባዋል። የሕንድ ፊልም፣ የሆንግ ኮንግ ካራቴ፣ የአሜሪካ ፖሊስና ሌባ ባንድ መደርደሪያ ላይ ትከሻ ለትከሻ ይቆማሉ። መደርደሪያው ማን ክቡር ማን ተራ እንደ ሆነ አይናገርም። የታራንቲኖ ፊልሞች ቅርጽ ከዚያ መደርደሪያ የወጣ ነው።

ከመጀመሪያው ፊልሙ እንነሣ። «ሬዘርቯር ዶግስ» በ1992 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ታየ። ጥቁር ሱፍ የለበሱ ሌቦች ቁርስ ቤት ተቀምጠው ስለ ማዶና አንድ ዘፈን ትርጉምና ለአስተናጋጅ ጉርሻ መስጠት ተገቢ ስለ መሆኑ ይከራከራሉ። ቀጥሎ ዘረፋው ይመጣል ብለን ስንጠብቅ፣ ዘረፋው ጭራሽ አይታይም። የምናየው የቀደመውን ወሬና የተከተለውን ደም ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ብዙ የተወራለት ትዕይንት ይመጣል። ከሌቦቹ አንዱ በመጋዘን ውስጥ ወንበር ላይ ከታሰረ ፖሊስ ጋር ብቻውን ይቀራል። ሬዲዮ ይከፍታል። የስቲለርስ ዊል የተባለው ቡድን ደስ የሚል፣ እግር የሚያነሣ ዘፈን ይጀምራል፤ ሰውየውም በዘፈኑ እየተውረገረገ ምላጩን ያወጣል። የፖሊሱን ጆሮ ሲቆርጥ ግን ካሜራው ፊቱን ያዞራል፤ የመጋዘኑን ባዶ ግድግዳ እያየን ጩኸቱን እንሰማለን።

ይህን ትዕይንት ያዩ ብዙ ሰዎች ጆሮው ሲቆረጥ እንዳዩ ይምላሉ። አላዩም። ለእኔ ግን ከዚህ ይልቅ የሚበልጠው ቀጥሎ ያለው ነው። ሰውየው ቤንዚን ለማምጣት ወደ መኪናው ይወጣል፤ ካሜራው ይከተለዋል፤ በሩን ሲያልፍ ዘፈኑ ይደክምና ይጠፋል። ውጭ ጸጥ ያለ ተራ ቀን ነው። ቤንዚኑን ይዞ ሲመለስ ዘፈኑ ካቆመበት ሳይሆን ከደረሰበት ይቀጥላል። ዘፈኑ ለእኛ ለተመልካቾች ከላይ የተጨመረ ማጀቢያ ሳይሆን በዚያ ክፍል ውስጥ ያለ ሬዲዮ መሆኑን በዚህች ቅጽበት እናውቃለን። ሁለት ዓለም አለ፤ ሙዚቃ ያለበት የግፍ ክፍልና ሙዚቃ የሌለበት መንገድ። እኛ ከገዳዩ ጋር ወጥተን ከገዳዩ ጋር ተመልሰን ገባን። ፖሊሱ ሊወጣ አይችልም።

እዚህ ላይ የቅኔ ልማዳችን አንድ ፈተና ያመጣብናል። ሰምና ወርቅ ለምደናልና፣ ዘፈኑ ሰም ነው፣ ወርቁ ከሥሩ ነው ብለን ሰሙን ለማቅለጥ እንቸኩላለን። በታራንቲኖ ዘንድ ሰሙ አይቀልጥም። ደስታው እውነተኛ ደስታ ነው፤ እግራችን ከወንበሩ ሥር መነቃነቁ እውነት ነው። የሚያሳፍረንም ያው እውነተኛ መሆኑ ነው። ዘፈኑን ከግፉ ነጥሎ «ትርጉሙ ይህ ነው» የሚል ተንታኝ ትዕይንቱ ያደረገበትን ነገር ሸሽቷል።

በ1994 በካን የወርቅ ዘንባባውን ያሸነፈው «ፐልፕ ፊክሽን» ይህን ስልት ወደ ሣቅ አዞረው። ሁለት ቅጥር ገዳዮች በአውሮፓ ሃምበርገር ምን ተብሎ እንደሚጠራ እየተጫወቱ ወደ ሥራቸው ይሄዳሉ። ስለ ጨዋታው ውበት ብዙ ተጽፏል፤ አልደግመውም። እኔን የሚያሳስበኝ ማርቪን ነው። ማርቪን በመኪናው የኋላ ወንበር የተቀመጠ ወጣት ጥቁር ሰው ነው፤ ከፊት የተቀመጠው ገዳይ ዞር ብሎ ሲያናግረው ሽጉጡ ሳይታሰብ ይተኩስና ፊቱን ይመታዋል። አዳራሹ ይሥቃል። ከዚያ በኋላ ረጅም ክፍለ ጊዜ የሚፈጀው መኪናውን የማጽዳት ጣጣ ነው፤ የፎጣው፣ የአንሶላው፣ የቡናው ጥራት፣ ከሥራ የምትመለሰው የቤቱ እመቤት ጉዳይ። ማርቪን ማን ነበር? እናት ነበረችው? ማንም አይጠይቅም። ተሟጋቾቹ «የቀልዱ ነጥብ ይኸው ግድየለሽነት ነው» ይላሉ፤ ይሁን። ሆኖም ፊልሙ ግድየለሽነቱን የሚያይበት አንድም ዓይን በመኪናው ውስጥ አላስቀረም። በዚያ ፊልም ከአዳራሹ የሚወጣ ሰው ገና አልተወለደም።

ከሦስት ዓመት በኋላ በወጣው በ«ጃኪ ብራውን» የማየት ርቀት ይለወጣል። ኦርዴል የተባለው የጦር መሣሪያ ነጋዴ አንድ ወዳጁን አባብሎ በመኪናው ዕቃ መጫኛ ውስጥ ያስገባዋል፤ የብራዘርስ ጆንሰንን ለስላሳ ዘፈን ይከፍትና ይነዳል። ካሜራው አብሮ አይሄድም። ከፍ ብሎ ከአጥር ባሻገር ያለውን ባዶ ሜዳ ያሳየናል፤ መኪናው ዞሮ እዚያ ይደርሳል፤ ሁለት ተኩስ ከሩቅ እንሰማለን። ሟቹ ነጥብ ያህል ነው። ይህን ትዕይንት ከታራንቲኖ ግድያዎች ሁሉ የሚበልጥ አድርጌ እቆጥረዋለሁ፤ ዘፈኑ ከመኪናው ጋር ስለሄደ እኛ ሳንጨፍር ቀርተን እንድናይ ተገደናል።

«ኪል ቢል»ን በአጭሩ አልፈዋለሁ። የ2003ቱ የመጀመሪያ ክፍል ደሙ እንደ ፏፏቴ የሚመነጭበት፣ ከጃፓን የሰይፍ ፊልሞችና ከብሩስ ሊ ቢጫ ልብስ የተቀዳ፣ አንዲት ሴት ጭፍራ ሙሉ ሰው የምትረፈርፍበት ፊልም ነው። ተማሪዎች «ግድያ እንዴት ያምራል?» ብለው በዚህ ፊልም ሲደነግጡ፣ ቀረርቶና ፉከራ ያለው ሕዝብ ልጆች መሆናቸውን አስታውሳቸዋለሁ። የገዳይን ውበት በዜማ ማሞገስ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ፎካሪው ግን የሚፎክረው ሟችም ገዳይም በሚታወቁበት አገር ነው፤ በ«ኪል ቢል» የሚረግፉት ሰዎች ጭንብል የለበሱና ስም የለሽ ናቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ደረስኩ። በ2009 ታራንቲኖ ይህን ሁሉ መሣሪያ ተሸክሞ ወደ ታሪክ ገባ። «ኢንግሎሪየስ ባስተርድስ» በናዚ በተያዘችው ፈረንሳይ የሚካሄድ ነው። መክፈቻው ብዙ ጊዜውን ያለ ሙዚቃ የሚያሳልፍ ትዕይንት ነው፤ አንድ የጀርመን ኮሎኔል በገበሬ ቤት ጠረጴዛ ተቀምጦ ወተት እየጠጣ፣ ከወለሉ ሥር የተደበቁትን አይሁዶች በጨዋነት ቋንቋ ያድናቸዋል። ወታደሮቹ ወለሉን ሲደበድቡ የምናየው የሚበጣጠሰውን እንጨት ነው፤ ሬሳ አይታይም። ከዚያ ቤት ሾሻና የተባለች አንዲት ልጅ አምልጣ ትሮጣለች፤ በኋላም በፓሪስ የሲኒማ ቤት ባለቤት ሆና እናገኛታለን።

ፖፕ ባህል በዚህ ፊልም ከጌጥነት ወጥቶ ማስረጃ ይሆናል። በአንድ መጠጥ ቤት ወታደሮች ግንባራቸው ላይ በተለጠፈ ካርድ የተጻፈውን ስም እየጠየቁ የማወቅ ጨዋታ ይጫወታሉ። የጀርመኑ መኮንን ካርድ ኪንግ ኮንግ ነው። መኮንኑ፦ ከጫካ ነው የመጣሁት? በመርከብ ተጫንኩ? ከፈቃዴ ውጭ? በሰንሰለት? እያለ ይጠይቃልና፣ የጥቁር ሕዝብ የአሜሪካ ታሪክ ነኝ ወይ ይላል። አይደለህም ሲባል፣ እንግዲያውስ ኪንግ ኮንግ ነኝ ብሎ ያገኘዋል። ብዙ ምሁራን በገጽ ብዛት የሚያስረዱትን ነገር ይህ ናዚ በካርድ ጨዋታ ተናገረው፤ የተናገረው ናዚ መሆኑም የቀልዱ መራራ ክፍል ነው።

የፊልሙ ልብ ግን የሲኒማ ቤቱ ምሽት ነው። ሂትለርና ሹማምንቱ «የሕዝብ ኩራት» የተሰኘ የፕሮፓጋንዳ ፊልም ለማየት ተሰብስበዋል። ፊልሙ ሦልር ስለሚባል ወጣት ተኳሽ ነው፤ ከማማ ላይ ሆኖ ብቻውን እጅግ ብዙ ጠላት የገደለ ጀግና። ራሱን ሆኖ የተወነውም እርሱ ነው። በሸራው ላይ ሰው በወደቀ ቁጥር ሂትለር ይሥቃል፤ አዳራሹ ያጨበጭባል። ሦልር ግን መቀመጥ አልቻለም። ይህን ክፍል ማየት አልወድም ብሎ ተነሥቶ ይወጣል። ልብ በሉ፤ በዚያ ሁሉ ሰው መካከል ግድያው ምን እንደ ነበር በእውነት የሚያውቀው እርሱ ብቻ ነው፤ መዝናናት የተሳነውም እርሱ ብቻ ነው።

ከአዳራሹ የሚወጣው ሰው ይኸውላችሁ። ታራንቲኖ ደግሞ ንጹሕ አያደርገውም። ሦልር ወደ ፕሮጀክተሩ ክፍል ወጥቶ ሾሻናን በጉልበት ሊያስገድዳት ይሞክራል፤ እርሷም ትተኩስበታለች። ከዚያም በመስኮቱ ወደ ሸራው ስታይ፣ የሦልርን የፊልም ፊት፣ ያዘነና ያማረ ፊቱን ታያለች። ልቧ ይራራል። የሚያቃስተውን ሰው ልትመለከት ትጠጋለች፤ ዞሮም ይገድላታል። ያራራት ምስል ነው፤ የገደላት ሰው ነው። ስለ ምስል ኃይል ከዚህ የጠነከረ ትዕይንት በዚህ ዳይሬክተር ሥራ ውስጥ አላውቅም። ቀጥሎ በቀላሉ የሚቀጣጠለው የናይትሬት ፊልም ይነዳል፤ አዳራሹ ይቃጠላል፤ በናዚዎቹ ላይ ጥይት ይዘንባል፤ እኛም በተራችን በገዛ አዳራሻችን እናጨበጭባለን። ከጥቂት ደቂቃ በፊት ሂትለር ያጨበጨበውን ዓይነት ጭብጨባ ነው። በእርግጥ ሟቾቹ ገዳዮች ናቸውና ሁለቱ ጭብጨባዎች በፍርድ እኩል አይደሉም። ድምፃቸው ግን አንድ ነው፤ ዳይሬክተሩም ይህን ሳያውቅ ያስቀመጠው አይመስለኝም።

በ2012 «ጃንጎ አንቼይንድ» መጣ። ስሙንና የመክፈቻ ዘፈኑን ከሰርጂዮ ኮርቡቺ የ1966 የጣሊያን ካውቦይ ፊልም ወስዶ፣ ባርነት በነገሠባት ሚሲሲፒ አስፈረው። ስፓይክ ሊ ፊልሙን እንደማያይ በይፋ ተናገረ፤ የአባቶቹ ባርነት የጣሊያን ካውቦይ ፊልም አልነበረም የሚል ነበር ክሱ። በገጸ ባሕርያቱ መልክ የተሠሩ አሻንጉሊቶችም ለገበያ ቀርበው፣ ተቃውሞ በመነሣቱ በ2013 መጀመሪያ ማምረቱ ቆመ። ስለ አሻንጉሊቶቹ ሳስብ ክሱን ቀላል አድርጌ ማየት አልችልም።

ፊልሙ ሁለት ዓይነት ግድያ አለው፤ ዳይሬክተሩም በወቅቱ በሰጣቸው ቃለ ምልልሶች ልዩነቱን ሆን ብሎ እንዳደረገው ተናግሯል። ጃንጎና አጋሩ ሲገድሉ ደሙ በነጭ የጥጥ አበባ ላይ ይረጫል፤ ያምራል። ባሪያ አሳዳሪዎቹ ሲገድሉ ግን የሚያስጨፍር ዘፈን የለም። ዳርታኛን የተባለው ያመለጠ ባሪያ በውሾች ሲበጣጠስ የምናየው በቁርጥራጭ ምስልና በሚመለከቱት ሰዎች ፊት ላይ ነው። ዶክተር ኪንግ ሹልዝ፣ ጃንጎን ነጻ ያወጣው ጀርመናዊ፣ ፊቱ ይገረጣል። የእርሻው ጌታ ካንዲ ይህን አይቶ ሲጠይቅ፣ ጃንጎ ፊቱን ሳይለውጥ፣ ጓደኛዬ ሰው በውሻ ሲቦጨቅ ማየት አልለመደም፤ እኔ ግን አሜሪካኖችን ከእርሱ ይበልጥ ለምጃለሁ የሚል መልስ ይሰጣል።

በኋላ፣ በካንዲ ቤት ውሉ እየተጻፈ ሳለ፣ አንዲት ሴት በበገና የቤትሆቨንን «ፉር ኤሊዜ» ትደረድራለች። ሹልዝ ብቻውን ተቀምጧል። ውሾቹ በዓይነ ኅሊናው ይመላለሳሉ፤ ዜማው ያማረ ነው፤ ሁለቱ ባንድ ላይ አይያዙለትም። ተነሥቶ ቤትሆቨንን ማቆም አለብሽ እያለ ይጮኻል፤ እጇንም ከአውታሩ ላይ ይነጥቃል። በ1992 በግፍ ላይ ዘፈን ከፍቶ ያስጨፈረን ሰው፣ ከሃያ ዓመት በኋላ በገዛ ፊልሙ ውስጥ ሙዚቃውን አቁሙ የሚል ገጸ ባሕርይ አቆመ። ለዚህ ትዕይንት ስል ነው ይህን ንግግር ማዘጋጀት የፈለግሁት።

ይሁንና መሞገት ያለብንም እዚሁ ላይ ነው። አንደኛ፣ መታገሥ የማይችልነት ለማን ተሰጠ? ለእንግዳው ነጭ ሰው። ጃንጎ እንዲጮኽ አልተፈቀደለትም፤ ከጮኸ ሚስቱም እርሱም ይሞታሉ። ከአዳራሹ መውጣት ግፉ አዲስ ለሆነበት ሰው የተሰጠ መብት ነው፤ የለመደው ሰው በር የለውም። ፊልሙ ይህን ያውቃል፤ የጃንጎ መልስ ምስክር ነው። ሁለተኛው ነገር ነው ፊልሙን የሚከዳው። ሹልዝ የካንዲን እጅ መጨበጥ እምቢ ብሎ ይገድለዋል፤ ወዲያው ራሱ ይገደላል። ሬሳው ሳይቀዘቅዝ የጄምስ ብራውንና የቱፓክ ድምፅ ተቀላቅሎ ይፈነዳል፤ ቤቱ በደም ይታጠባል፤ እኛም እንደ ገና እንጨፍራለን። ሙዚቃውን ያስቆመው ሰው ጸጥታ የቆየው ለደቂቃዎች ብቻ ነው። ዳይሬክተሩ ጥያቄውን አንሥቶ፣ መልሱን ሳይጠብቅ ድምፁን ከፍ አደረገ።

ይህን ጥያቄ በሌላ መንገድ ያነሣ ሰው የእኛው የጎንደሩ ተወላጅ፣ የሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኃይሌ ገሪማ ነው። «ሳንኮፋ» በ1993 ከ«ጃንጎ» 19 ዓመት ቀድሞ ወጣ። አከፋፋዮች አንቀበልም ስላሉት ኃይሌ ሲኒማ ቤት እየተከራየ በየከተማው አሳየው። ፊልሙም የሚጀምረው በፖፕ ባህል ነው፤ ሞና የተባለች ጥቁር ሞዴል በጋና ኬፕ ኮስት ምሽግ፣ ባሮች ይጫኑበት በነበረው ስፍራ፣ ለፋሽን ፎቶግራፍ ትነሣለች። ወደ ምድር ቤቱ ስትወርድ ታሪክ ይውጣታል፤ በሸንኮራ እርሻ ላይ ሾላ የምትባል ባሪያ ሆና ትገኛለች። በታራንቲኖ የካውቦዩ ምስል ባሪያውን የሚያስታጥቅ ነው፤ በኃይሌ ምስሉ ይገፈፋል። ጃንጎ ከዐሥር ሺህ አንድ የሚገኝ ሰው ነኝ ብሎ ይኮራል፤ በ«ሳንኮፋ» ዓመፁ በሌሊት በምሥጢር ከሚሰበሰቡ ብዙ ሰዎች ቀስ ብሎ ይበስላል። መጨረሻ ላይ ሞና ከምሽጉ ስትወጣ ፎቶ አንሺው ይጠብቃታል። እንዳላየች አልፋው ትሄድና ባሕሩን እያዩ ከተቀመጡት ሰዎች ጋር ትቀመጣለች።

ለነገሩ ኃይሌ ገሪማም በዋሽንግተን ከሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት የቪዲዮና የመጻሕፍት ቤት ከፍቷል፤ ስሙም ሳንኮፋ ነው። ከመደርደሪያ የወጣ አንድ ዳይሬክተርና መደርደሪያ የሠራ ሌላ ዳይሬክተር አሉን ማለት ነው። ይህን የምለው ታራንቲኖን ለማሳነስ አይደለም። «ሳንኮፋ» የሚያደርገውን «ጃንጎ» አያደርግም፤ «ጃንጎ» የሰጠውን የድል ደስታ ደግሞ፣ ብዙ ጥቁር ተመልካች በሲኒማ ቤት ቆሞ የተቀበለውን፣ «ሳንኮፋ» ሊሰጥ አልፈለገም።

የ2019ኙ «ዋንስ አፖን ኤ ታይም ኢን ሆሊውድ» ያሳዘነኝ ፊልም ነው። በነሐሴ 1969 የቻርልስ ማንሰን ተከታዮች ነፍሰ ጡር የነበረችውን ተዋናይት ሻረን ቴትን ከሌሎች አራት ሰዎች ጋር ገደሉ። ፊልሙ ታሪኩን ይለውጣል፤ ገዳዮቹ ሌላ ቤት ይገባሉ። ከመግባታቸው በፊት በመኪና ተቀምጠው ከመካከላቸው አንዷ፣ ግድያ በሞላው ቴሌቪዥን ነው ያደግነው፤ ስለዚህ መግደል ያስተማሩንን እንግደል ትላለች። የታራንቲኖ ከሳሾች ለብዙ ዓመታት ያሉት ነገር ነው፤ እዚህ የተቀመጠው ግን በነፍሰ ገዳይ አፍ ነው። ቀጥሎ ሸክላ እየዞረ፣ ውሻ እየነከሰ፣ በመጨረሻም በእሳት መትፊያ መሣሪያ፣ ሦስቱም እስኪያልቁ ይቀጠቀጣሉ፤ አዳራሹ በሣቅ ይፈነዳል። ጥያቄው የሚገባ ነበር፤ መልሱ ግን ጠያቂዋን ማቃጠል ሆነ። በዚያ ቤት ውስጥ ሸክላውን የሚያቆም ሰው የለም። ሹልዝን የፈጠረ እጅ ይህን መርሳቱ ይገርመኛል።

ሆኖም በዚሁ ፊልም መካከል ሌላ አዳራሽ አለ። ሻረን ቴት በዌስትዉድ ብሩይን ሲኒማ ገብታ ራሷ የተወነችበትን ፊልም ታያለች። ሸራው ላይ ያለችው እውነተኛዋ ሻረን ናት፤ ወንበሩ ላይ የተቀመጠችው ማርጎ ሮቢ ናት። እግሯን ከፊት ወንበር ላይ ሰቅላ፣ ሕዝቡ በቀልዷ ሲሥቅ፣ በድብድቧ ሲያጨበጭብ ትሰማለች፤ ዞር ዞር እያለችም ፊታቸውን ታያለች። ሦልር ያልቻለውን እርሷ ትችላለች፤ በሸራው ላይ የሞተ ሰው የለምና። 

ስለ «ኪል ቢል» ጥቁርና ነጭ ክፍል ሆን ብዬ አልተናገርኩም፤ ጥያቄ ያለው ካለ ከእርሱ ብንጀምር ደስ ይለኛል።